የሞጣን ሰማይ ከብቸና ለሚያዩልን ኃላፊ

ለክቡር አቶ ሣህለ ማርያም
የትንንሽ አውሮፕላን ማረፊያዎች የአየር ሁኔታ መረጃ ማስተባበሪያ ኃላፊ
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፤

ይህ ደብዳቤ እጅዎ በሚገባበት ሰዓት እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎና የቢሮዎ ሰዎች ሁሉ ጤናችሁ የተሟላ፣ እንቅልፋችሁ የሰመረ፣ በተለይም ዓይኖቻችሁ ከነብርሃናቸው ደኅና እንዲሆኑ ከልቤ እመኛለሁ። እኛ እዚህ ሞጣ፣ ከማረፊያው ሜዳ አጥር ሥር፣ ምስጋና ለፈጣሪ፣ አለን። ደኅና ነን እንዳልልዎ ውሸት ይሆንብኛል፤ ደኅና አይደለንም ብዬ ከመጀመሪያው መስመር እንዳላስቀይምዎ ደግሞ አስተዳደጌ አይፈቅድልኝም፤ ስለዚህ ነገሩን በተራ ቁጥር ላቅርብና ፍርዱን ለእርስዎ ልተወው።

አስቀድሜ ማን እንደሆንሁ ልናገር። ፈንታነሽ እባላለሁ። የጉንደ ወይን ሰው ነኝ፤ እዚያው ጨው፣ ሳሙናና ሻማ የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ የአጻጻፍ ስሕተት ቢያገኙ እንደ ጉም ቆጥረው ይለፉኝ፤ ጉም መቁጠር ለቢሮዎ አዲስ ሥራ አይሆንም። ባለቤቴ ዘመነ አናጢ ነው። በጳጉሜን ግንድ ሲፈልጥ ስንጥር ተፈናጥሮ ቀኝ ዓይኑን መታው። ራሱን በሁለት ትራስ መካከል ይዤ፣ ሾፌሩን በየጉድጓዱ እየለመንሁ ሞጣ አደረስሁት። ያየው ሐኪም፣ በዓይኑ ውስጥ ያለው ስስ ሽፋን እየተላቀቀ መሆኑን፣ ባሕር ዳር ሄዶ ቶሎ ካልተሠራ ብርሃኑ እንደሚጠፋ፣ ከእንግዲህም በመኪና እየተናጠ መሄድ እንደሌለበት ነገረን። የባሕር ዳሩ መንገድም ቢሆን በክረምቱ ናዳ ተቆርጧል። የቀረችን ያቺ ትንሿ አውሮፕላን ናት። ቲኬት ቆርጠን፣ ከሜዳው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይተን፣ ስሙ ሲጠራ ያልተገኘ ተራው ያልፋል ስለተባለ ከአጥሩ ሳንርቅ ተቀመጥን። ይኸው ተቀምጠናል። ወደፊት ሰማዩ አያስኬደን፣ ወደኋላ መንገዱ አይመልሰን። ቤት የሌላቸው ሰዎች እንኳን ከእኛ ይልቅ ሰፊ ቦታ አላቸው።

ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

1ኛ. ቢሮዎ ለሞጣ ማረፊያ የሞጣን አየር የሚያይ ባለሙያ በብቸና ስላስቀመጠልን እናመሰግናለን። እንደተነገረኝ ማረፊያው ሲከፈት እዚህ የታሰበው ክፍል ጣሪያው አላለቀም ነበርና መሣሪያውም ስልኩም «ለጊዜው» ብቸና ገቡ። ጣሪያው አለቀ፤ አሁን የዘበኛው የጋሼ ስጦታው በጎች ይጠለሉበታል፤ «ለጊዜው» ግን አላለቀም። እንግዲህ አውሮፕላኗ በየጠዋቱ ከባሕር ዳር ከመነሣቷ በፊት የአካባቢውን አየር ትጠይቃለች፣ የእርስዎ ሰው ብቸና ግቢ ወጥቶ ሽቅብ ያያል፣ ጉም ነው ይላል፣ አውሮፕላኗም ትቀራለች። እኛ በዚያ ሰዓት ሞጣ ላይ ፀሐይ አናታችንን እየበሳችው፣ ነጠላችንን ጥላ አድርገን፣ ዓይናችንን ወደ ላይ ሰቅለን እንጠብቃለን። ዝንብ ስታልፍ እንኳ የምንቆም ሆነናል። ብቸናና ሞጣ አንድ አካባቢ ናቸው የሚለውን የቢሮዎን አሠራር አንቃወምም፤ አንድ ዞን ነን፣ ተጋብተናል፣ ተዋልደናል፤ ሰማዩ ብቻ ነው ገና ያልተስማማው።

2ኛ. የብቸናው ባለሙያ አቶ ምንይሉ ሐቀኛ ሰው ስለሆኑ ቢሮዎን ሳላመሰግን አላልፍም፤ ሐሰተኛ ቢሆኑልን ኖሮ ይህን ጊዜ ባሕር ዳር ነበርን። ደወልሁላቸው። በትሕትና አዳመጡኝና «እኅቴ፣ ሞጣ ፀሐይ ነው ስትይኝ አምንሻለሁ፤ ግን ማመን ሌላ መመስከር ሌላ ነው፤ እኔ ያየሁትን ነው እምመሰክር» አሉኝ። ፎቶ አንስቼ በስልክ ልላክልዎ ብላቸው፣ ትንሽ አሰብ አድርገው፣ «የሰማይ ፎቶ የየት አገር ሰማይ እንደሆነ በምን ይታወቃል?» አሉ። ከሥሩ የጋሼ ስጦታውን በጎች ጨምሬ ላንሳ አልሁ፤ በጎቹንም እንደማያውቋቸው ገለጹልኝ። ምን ልበል፤ ሰውየው ትክክል ናቸው።

ከእኛ ጋር ተራ የሚጠብቁ መሪጌታ ወልደ ኪዳን የሚባሉ አዛውንት አሉ፤ ባሕር ዳር ያለች ልጃቸውን ሊጠይቁ ነው። እሳቸው ይህን ሲሰሙ «ይህ እንግዲህ በስልክ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም፤ ሽማግሌ ይላክ» ብለው ተነሡ። ክቡር ሆይ፣ ይህን ሲያነቡ እንዳይስቁ እለምናለሁ፤ እዚህ አገር ሚስት የሚጠየቀው በሽማግሌ ነው፣ የተጣላ የሚታረቀው በሽማግሌ ነው፤ የአየር ሁኔታ መረጃ በሽማግሌ ሲጠየቅ ግን የእኛ የመጀመሪያው ይመስለኛል፤ ቢሮዎ ስላስተማረን እናመሰግናለን። መሪጌታ ተራዬ ቢያልፍ ይለፍ ብለው፣ ጋሼ ስጦታውንና አንድ ሌላ አዛውንት አስከትለው ብቸና ወረዱ። ከአቶ ምንይሉ በር ላይ ቆሙ። ግቡ ቢሏቸው አልገቡም፣ ተቀመጡ ቢሏቸው አልተቀመጡም፤ «የመጣንበትን ሳይፈጽሙልን ውኃዎንም አንቀምስ» አሉ። ምንድን ነው የመጣችሁበት ሲሏቸው መሪጌታ «መጥተው ሰማያችንን ይዩልን» ብለው መለሱ። የሰው ልጅ ሆኖ ሽማግሌ በሩ ላይ አቁሞ የሚያውል የለምና አቶ ምንይሉ ጃኬታቸውን ለብሰው፣ ቢሮውን ቆልፈው መጡ።

3ኛ. አቶ ምንይሉ ሞጣ የደረሱበትን ጠዋት በዓይንዎ ቢያዩት እወድ ነበር። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ሜዳው ከዳር እስከ ዳር ወለል ብሎ ይታያል። ሰውየው ባርኔጣቸውን አውልቀው ዙሪያውን አዩና «በሉ፣ አሁን እመሰክራለሁ» አሉ። ያን ጊዜ ዘመነ፣ የተሸፈነውን ዓይኑን ይዞ፣ ከመጣንበት ቀን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ አየሁት። ሻንጣችንን አወጣሁ። አቶ ምንይሉም በእጅ ስልካቸው ወደ ቢሮዎ ደውለው ያዩትን ተናገሩ። ከወዲያ የተሰጣቸው መልስ፣ ከብቸናው ስልክ ያልተደወለ መረጃ ተቀባይነት እንደሌለው፣ ይልቁንም በሥራ ሰዓት ከቦታቸው ስለጠፉ ማስጠንቀቂያ እንደሚጻፍባቸው ነበር። በዚያ ቀን ብቸናም ጥርት ብላ ነበር አሉ። የብቸናን ሰማይ አይቶ የሚናገረው ሰው ግን ሞጣ ላይ፣ ከእኛ ጋር፣ በሻንጣችን ላይ ተቀምጦ ነበር። መሪጌታ አጠገቡ ቁጭ ብለው «እንግዲህ አንተም ተራ ያዝ» አሉት። ለሽምግልና የወጡ ሰው አንቱታቸውን የረሱት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ይቅር ይበሏቸው።

ሽማግሌ መላካችን የእኛ ጥፋት ነው፤ አልክድም። ባንልክባቸው ኖሮ ያን ቀን ከብቸና ጥርት ብሏል ባሉ ነበር፣ እኛም በሄድን ነበር። የሰውን ልብ ማራራት ስናውቅ፣ የስልኩን ልብ ማራራት እንደማንችል ማን ነግሮን።

4ኛ. ይህን አቤቱታ መጀመሪያ በስልክ ለማቅረብ ሞክሬ ነበር። በቢሮዎ ስልኩን ያነሣችው ልጅ እግዚአብሔር ያክብራት፣ ጨዋ ናት፤ ቅሬታ የሚቀርበው በአካል ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። በምን ልምጣ ልጄ ብላት፣ በአውሮፕላን ብመጣ እንደሚፈጥንልኝ መከረችኝ። ምክሯን ከልቤ ተቀብያለሁ።

5ኛ. አሁን ወደ ትልቁ ምስጋናዬ ደረስሁ። አቶ ምንይሉ ወደ ብቸና ተመልሰው ቦታቸውን ከያዙ በኋላ አንድ ጠዋት ብቸና ላይ ፀሐይ ወጣች፣ እሳቸውም ያዩትን መሰከሩ፣ አውሮፕላኗም ከባሕር ዳር ተነሣች። ስማችን ተጠራ። ሞጣ ግን በዚያ ጠዋት ጉም ሜዳውን ከአጥር እስከ አጥር ተኝቶበት፣ በሦስት እርምጃ ላይ የቆመ በግ ከድንጋይ አይለይም ነበር። ቆመን ጠበቅን። ድምፅዋን ሰማነው፤ መጣች። ከጉሙ በላይ ዞረች፣ እንደገና ዞረች። ጋሼ ስጦታው እንደ እብድ ነጭ ጨርቅ ያውለበልባሉ፤ ጨርቁን እኔም አጠገባቸው ቆሜ አላየው። ዘመነ ፊቱን ወደ ላይ አቅንቶ «ድምፁ በየት በኩል ነው?» አለኝ። እጁን ይዤ ወደ ድምፁ ጠቆምሁለት። ድምፁ ሲሄድ እጁም አብሮ ሄደ፤ እየራቀ፣ እየራቀ፣ ከዚያ የለም። እጁን ማውረድ እንዳለበት የነገርሁት እኔ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቢሮዎ ስንደውል፣ ወደ ሞጣ የተላከው በረራ በተሳካ የአየር መረጃ መነሣቱን፣ ማረፍ አለማረፍ ደግሞ የእናንተ ክፍል ጉዳይ እንዳልሆነ ተነገረን። እንኳን ደስ ያላችሁ።

ስድስተኛ ቁጥር የለኝም። ልመና ብቻ ነው ያለኝ። ከዚያ ጠዋት ወዲህ ዘመነ ከዓይኑ ሥር ጥላ እየወጣ እንደሆነ ይነግረኛል፤ ውኃ ጉድጓድ ውስጥ ሽቅብ እንደሚሞላው ያለ ነገር ነው ይላል። በየጠዋቱ አጠገቤ ይቆምና ሽፋኑን ገልጦ፣ ግራ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የት ድረስ እንደደረሰ በጣቱ ያሳየኛል፤ ትናንት የእኔ አገጭ ነበር፣ ዛሬ አፍንጫዬ ነው። ፊቴ ሳይሸፈንበት አንድ ነገር ያድርጉልን፤ ያንን ስልክ ከብቸና ነቅለው ሞጣ ይትከሉልን። ወይም አቶ ምንይሉ በቆሙበት ቦታ ሆነው ያዩት ምስክርነት ይቆጠርላቸው። ሁለቱም ካልሆነ፣ አንድ ሰው፣ ማንም ይሁን፣ ሞጣ ላይ ቆሞ ቀና ብሎ ሲያይ የሚታየው ነገር የሞጣ ሰማይ እንደሆነ ቢሮዎ ይመንልን። ሌላ የምንጠይቀው የለም። ፀሐይ አዙሩልን አላልንም።

ለሰጡን ሰፊ የመቀመጫ ጊዜ፣ ለአስተማሩን ትዕግሥት፣ በአንድ ጠዋት ለአሰሙን የአውሮፕላን ድምፅ ጭምር፣ በራሴና አጥሩ ሥር ባሉት ሁሉ ስም ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ የበላይነትዎ እንዲሰፋ፣ ደረጃዎ ከፍ እንዲል፣ ከፍ ሲሉም ከዚያ ላይ ሆነው ሞጣን እንዲያዩልን የምመኝ፤

አክባሪዎ
ወይዘሮ ፈንታነሽ
የጉንደ ወይን ነዋሪ፣ ለጊዜው የሞጣ ሜዳ ነዋሪ

በኋላ የተጨመረ፦ ደብዳቤውን ጨርሼ የሚወስድልኝ ሰው ሳፈላልግ ሳለ ጥላው ስለሞላ፣ ከላይ ያቀረብሁት ልመና ከእንግዲህ የሚያስቸኩል ነገር የለውምና ተረጋግተው ያንብቡት። መሪጌታና ሌሎቹ ግን ተራቸውን እንደያዙ ናቸው። ባለቤቴም፣ የሞጣው ክፍል በበጎች ስለተያዘ ስልኩ የሚገባበት ቦታ የለም ብለው እንዳይቸገሩ፣ በሩንና መስኮቱን በነጻ ሠርቶ ሊያስረክብዎ ፈቃደኛ መሆኑን እንድጽፍልዎ ነግሮኛል። መስኮቱ ትንሽ ወደ አንድ ወገን ቢያዘነብል ይቅርታ ያድርጉለት፤ አናጢ ጣውላ መቅናቱን የሚያየው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በሌላው ነው፤ እሱ የሚያይበት ደግሞ የቀኙ ነበር።