ዐሥራ አንድ ባለ ክር ከዘራ የሠሩት የአቶ ሆባርት ስቲደም የሕይወት ታሪክ

አቶ ሆባርት ስቲደም ከአባታቸው ከአቶ ላውተን ስቲደምና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኦፋ ኒስ እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1938 በምሥራቅ ኬንታኪ ተራሮች፣ ካኒ ፎርክ በተባለው ወንዝ ዳር ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል በመንደሩ ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት ተምረዋል። መምህርታቸው ለእናታቸው በላኩት ደብዳቤ «ልጁ ብልህ ነው፤ የነገሩትን ግን አይሰማም» ብለው ጽፈዋል። ቤተሰቡ ደብዳቤውን እስከ ዛሬ አስቀምጦታል፤ የሚጨመርበት ነገር አልተገኘም።

በዐሥራ ስድስት ዓመታቸው በእንጨት መሰንጠቂያ ተቀጥረው ሠላሳ ስምንት ዓመት አገልግለዋል። በ1959 ከወይዘሮ ቨርና ኤቨሬጅ ጋር ጋብቻቸውን ፈጽመው፣ በ1961 ይህን ታሪክ የጻፈችውን ልጃቸውን ጃኔልን አፈሩ። በ1964 የተወለደው ወንድ ልጃቸው ዴኒ ዘጠኝ ቀን ብቻ ኖሮ ከቤታቸው ጀርባ ባለው ኮረብታ ላይ ተቀበረ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ፣ በሜይ ወር የመጨረሻ እሑድ፣ ቤተሰቡ ወጥቶ መቃብሩን ያጸዳል፤ አቶ ሆባርትም ጭናቸው ላይ አጋድመው የሚመቱትን ባለ ሦስት ክር ዳልሲመር ይጫወቱ ነበር።

በ2009 የጎተራው ጣሪያ ላይ እንዳይወጡ ሦስት ሰው ለመናቸው። ወጡ፤ ወደቁ፤ ግራ እግራቸው ዳግመኛ እንደ ድሮው አልሆነም። ሐኪሙ ከዘራ አዘዘላቸው። የመጀመሪያውን ነዳጅ ማደያ ረሱት፣ ሁለተኛውን ፀጉር ቤት፣ ሦስተኛውን የመኪናቸው ጣሪያ ላይ አስቀምጠው ነዱ። በዚያው ክረምት ክር ያለው፣ ሙዚቃ የሚመታበት ከዘራ ራሳቸው እንደሚሠሩ አስታወቁ። ለምን እንደሆነ ሲጠየቁ ተነሥተው እንጨት ሊመርጡ ወጡ።

የመጀመሪያውን ከዋልነት እንጨት ሠርተው ድምፅ እንዲሰጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቦረቦሩት። በፋሲካ ዕለት የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ለሁለት ተሰበረ፤ የእጅ አንጓቸውም አብሮ ተሰበረ። ሁለተኛው አልተሰበረም፤ ግን መሬት በነካ ቁጥር ይጮኻል፣ በየሃያ እርምጃውም ቅኝቱ ይጠፋል። አቶ ሆባርት መንገድ መሐል ቆመው ይቃኛሉ። ወይዘሮ ቨርና «ሆባርት፣ ወይ ሂድ ወይ ተጫወት» ቢሏቸውም ሁለቱንም አላደረጉም።

በቤተ ክርስቲያናችን የሙዚቃ መሣሪያ እንደማይገባ ሁሉም ያውቃል። አራተኛው ከዘራ በጸሎት መሐል በጮኸ ጊዜ፣ ሰብሳቢው ወንድም አርቪል «ወንድም ሆባርት፣ ያ ነገር ከዘራ ነው ወይስ ዳልሲመር?» ብለው ጠየቁ።

«ስሄድ ከዘራ ነው» አሉ አቶ ሆባርት።

«አሁን እኮ ተቀምጠሃል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዘራው በር ላይ እንዲቀር ተወሰነ፤ እርሳቸውም የምእመናኑን ትከሻ አንድ በአንድ እየያዙ ወንበራቸው ይደርሱ ነበር። ልጃቸው ጠንካራ ከዘራ ገዝታ ብታመጣላቸው የጫፉን ጎማ ነቅለው ስድስተኛው ላይ ገጠሙት።

ከ2013 ጀምሮ የወይዘሮ ቨርና ዓይን እየደከመ ሄደ። ግቢ ለመውጣት የሚመራቸው ሰው ያስፈልጋቸው ነበር፤ አቶ ሆባርት ግን የእንጨት ሥራ ክፍላቸው ውስጥ እንጨት ይፍቃሉ፣ ባቄላውና የበቆሎ ዳቦው ይቀዘቅዛል። በ2017 ማርች ገደማ ዐሥረኛው ሲሰነጠቅ ጃኔል ትዕግሥቷ አለቀ። ገብታ ፊታቸው ቆመች።

«አባባ፣ እናቴ ዓይኗ እየጠፋ ነው፤ አንተ እዚህ እንጨት ትቦረቡራለህ። አይበቃህም?»

ቀና ሳይሉ መለሱ። «ያለኝ ሁለት እጅ ነው። አንዱ ለከዘራው፣ አንዱ ዳገቱን ስወጣ ለመደገፊያ፣ አሁን ደግሞ ለእናትሽ። ዳልሲመሩን በምን ይዤ ኮረብታው ላይ ልውጣ?»

ከወደቁ ጀምሮ ለዴኒ ተጫውተው አያውቁም ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ ጃኔል ይህን አላሰበችውም።

«እኔ እኮ እይዝልህ ነበር» አለች።

«ለልጄ የምጫወትበትን ሌላ ሰው አይሸከምልኝም።»

ጃኔል አዘነች፤ ከማዘንም በላይ ተናደደች። አንዲት ቃል ተናግረው ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ዓመት እንዲህ ባላለፈ። ቤት ገብታ ለእናቷ ሁሉንም ነገረቻቸው። ወደ እንጨት ሥራ ክፍሉ ብቅ ብለው የማያውቁት ወይዘሮ ቨርና «ውሰጂኝ» አሉ። የተሰነጠቀውን ከዘራ ተቀብለው በጣታቸው ከላይ እስከ ታች ዳበሱት።

«ታችኛውን ለምን ትቦረቡረዋለህ? የሚሸከምህ እኮ እሱ ነው። ከላይ አንድ ክንድ ያህል ቦርቡር፣ የቀረውን ተወው። ክሩንም ስትሄድ አላላው፤ ስትቀመጥ ትወጥረዋለህ።»

«ድምፁ ያንሳል፣ ቨርና።»

«የዘጠኝ ቀን ልጅ ስንት ድምፅ ይፈልጋል?»

አቶ ሆባርት አዲስ እንጨት አነሡ። ዐሥራ አንደኛውን ከጠንካራው ከሂከሪ እንጨት በአምስት ሳምንት ጨረሱት፤ ወይዘሮ ቨርናም አጠገባቸው ተቀምጠው በእጃቸው ውፍረቱን ይለኩላቸው ነበር። በሜይ የመጨረሻ እሑድ፣ ሃያ ደቂቃ የሚፈጀውን ዳገት በአንድ ሰዓት ተኩል ወጡት። ጃኔል ሁለቱም አንወድቅም እያሉ ሲንገዳገዱ ከኋላ እያየች ነፍሷ ልትወጣ ደረሰች። እላይ ሲደርሱ አቶ ሆባርት መቃብሩ አጠገብ ተቀምጠው ክሩን ወጠሩ። ድምፁ ቀጭን ነበር፤ ከነፋሱ ጋር ይጠፋ ነበር። ወይዘሮ ቨርና መዳፋቸውን እንጨቱ ላይ አድርገው «ይሰማኛል» አሉ። ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ አብረው ወጥተዋል።

አቶ ሆባርት በሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ የሐኪሙንም የነርሷንም ምክር ከሞላ ጎደል ሳይሰሙ፣ በተወለዱ በሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ኖቬምበር 11 ቀን 2021 በገዛ አልጋቸው ላይ ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ቨርናን፣ ልጃቸውን ጃኔልን፣ እህታቸውን ወይዘሮ ኤታን እና ሁለት የልጅ ልጆችን ትተው አልፈዋል። ግብዓተ መሬታቸው በልጃቸው በዴኒ አጠገብ ይፈጸማል።

እኛን በየቀኑ ያለቀብን ትዕግሥት በእግዚአብሔር ዘንድ አያልቅምና፣ ነፍሳቸውን ከነግትርነታቸው ይቀበልልን።