ከሐጂ ግድግዳ ላይ ያለው የሰርከስ ፖስተር

ረቡዕ፣ የካቲት 4 ቀን 2018

የድሮ ሰርከስ ወረቀት ስሰበስብ ስንት ዓመቴ፣ እንዲህ ያለ ፖስተር ግን አጋጥሞኝ አያውቅም። የከተማችን የሰርከስ ልጆች አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ተደራርበው ቆመዋል። የተለጠፈው ፈረስ መጋላ አደባባይ፣ ሐጂ አብዱላሂ ሱቅ ግድግዳ ላይ ነው። ሮመዳን ስለደረሰ ነገ ቤቱም ሱቁም ኖራ ይቀባል። "ውሰጂው ልጄ" ሲሉኝ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

ጠርዙን በእርጥብ ጨርቅ ነካ ሳደርገው ከነቀለሙ ተላጠ። ደንግጬ ቀና ስል ሐጂ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረዋል።

"ከሁሉም በላይ የቆመው ልጄ ነው" አሉ። "በባሕር ሄደ፣ ወሬው ጠፋ። በየዓመቱ ዙሪያውን ነበር የምናስቀባው። ዘንድሮ እናቱ 'ባየሁት ቁጥር ያመኛል፣ ይሸፈን' አለች።"

ጠዋት እመለሳለሁ ብዬ ወጣሁ። ብልጠው ይቀደድብኛል፤ ብተወው ኖራ ይውጠዋል። ምን ባደርግ ይሻላል?

ሐጂ ደጅ ድረስ ተከትለውኝ መጥተው ነበር።

"ሁሉም ካልሆነልሽ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ከላይ የቆመውን ብቻ አውጪልኝ። ለእናቱ እንዳትነግሪ።"