የዳማው ጭራ

ውድ ፀጋዬ፣

«ማሲንቆዎቹን ወደ ስማዳ ልወስዳቸው ነው፤ ጠቅልለሽ አቆዪልኝ» ያልኸው መልእክት ደርሶኛል። አልጠቀለልኋቸውም። በስልክ ብነግርህ መሃል ላይ ታቋርጠኛለህ። ስለዚህ ጽፌ ወደ ንፋስ መውጫ በሚመለሰው ሚኒባስ ልኬልሃለሁ። እስከ መጨረሻው አንብበው።

የእህል መጋዘኔን ለልጆቹ ትምህርት የሰጠሁህ የሙዚቃ ፍቅር ኖሮኝ አይደለም። የአርቡ ገበያ ከተበተነ በኋላ ቅዳሜ ባዶውን ስለሚውል ነው። ያለ ክፍያ ልታስተምር ከንፋስ መውጫ ድረስ ስትመላለስ፣ ይሄ ሰው ምን ፈልጎ ነው እያልሁ ብዙ ጊዜ ጠበቅሁህ። ምንም አልፈለግህም። ማታ ውሎዬን ስጽፍ «ያልገባኝ ሰው» ብዬህ አልፌያለሁ።

የተሳሳትኸው የት ላይ እንደሆነ ግን ያኔውኑ ገብቶኝ ነበር። በሁዳዴ በገና ይዘህ መጣህ። በገና የጾም ነው፣ የዳዊት ነው፤ ወላጆች ልጆቻቸውን አጣጥበው ላኩልህ። ፋሲካ ሲያልፍ በገናውን ሰቅለህ፣ ለማንም ሳትናገር ማሲንቆ አወረድህ። ላንተ ሁለቱም ሙዚቃ ናቸው። እዚህ በገና የያዘ ልጅ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቀረበ ይባላል፤ ማሲንቆ የያዘው አዝማሪ ሆነ ይባላል። እኔም ስንዴ አሳይቼ ገብስ ብሰፍር ደንበኛዬ አይመለስም። ይርጋ ቀረ፣ ደስታ ቀረች፣ በግንቦት አንተም ቀረህ።

ልደት አልቀረችም። «ከእኔ ቤት አዝማሪ አይወጣም» ብሎ ከሁሉ ቀድሞ የከለከለው አባቷ አያ አስናቀ ነው፤ ሌሎቹም የተከተሉት እሱን ነው። እሷ ግን ክረምቱን ሙሉ እህል ላበጥር ብላ እየመጣች ታበጥርልኝ ነበር። ስትጨርስ አንዱን ማሲንቆ ታወርዳለች። አልከለከልኋትም፤ አይዞሽም አላልኋትም።

በጥቅምት የማሲንቆው የፈረስ ጭራ ክር ተበጠሰ። ከዚያ በኋላ በነበረው አርብ፣ ገበያው ሞቅ ባለበት ሰዓት፣ አያ አስናቀ ልጅቱን እየጎተተ መጋዘኔ በር ላይ ቆመ።

«እት ማንአለሽ፣ ልጄን ሌባ ያደረግሽብኝ አንቺ ነሽ።»

«ከማን ሰረቀች?»

«ከዳማዬ ጭራ። ለጥምቀት ስንከባከበው የተሸለተ በግ አስመሰለችብኝ።»

ዳማ ፈረሱን ታውቀዋለህ፤ ለጥምቀት ጉግስ ሲወጣበት ከራሱ ይልቅ ጭራውን ያሳምራል። እህል ከሚያስለካው ሰው መሃል አንዱ፣ ጓዴ የሚባለው መሰለኝ፣ «አያ አስናቀ፣ ዘንድሮ በበቅሎ ውጣ» አለ። ሳቁ። ልደት ቀና ብላ ጓዴን አየችው።

«መጀመሪያ ያንተን ባዝራ ነበር ያሰብሁት» አለችው። «ባዝራ ስትሸና ሽንቱ ጭራዋን ይነካዋል፤ ጸጉሩ ቶሎ ይበጠሳል። የአባዬ ዳማ ጭራ ግን ጠንካራ ነው፣ ረጅምም ነው።»

አሁን ሳቁ ወደ ጓዴ ዞረ። አያ አስናቀ አልሳቀም፤ የልጅቱን እጅ ግን ለቀቀ። ገዢ ሲያመነታ እቃውን እጁ ላይ ማስያዝ ነው። ማሲንቆውን አውርጄ ሰጠሁት።

«የተቆረጠው አይመለስም፤ የት እንደገባ እየው።»

በአውራ ጣቱ ጭራውን ዳሰሰው። «የዳማ ነው» አለ። ልጅቱን ይዞ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ልደት ቀረች። እህል ለማበጠርም አልመጣችም። ያንተ መልእክት የደረሰኝ በዚህ መሃል ነው፤ ገመድና ማዳበሪያ አዘጋጅቼም ነበር። አላዘንሁም፤ ያልተሳካ ነገር ይጠቀለላል።

ትናንት አርብ አያ አስናቀ ገበያው ሊበተን ሲል መጣ። በነጠላው ጫፍ የቋጠረውን ፈታና ሚዛኔ ላይ አስቀመጠው፤ እንደ ተበጠረ ሐር የተስተካከለ የፈረስ ጭራ ነው።

«ምንድን ነው?» አልሁት።

«ለወንፊት ነው።»

በዚህ አገር ወንፊት በፈረስ ጭራ መሠራቱ ከቀረ ቆየ። የእኔ ወንፊቶች በሙሉ ሽቦ ናቸው፤ ፊት ለፊቱ ተሰቅለው ያያቸዋል።

«ደግ፣ ለወንፊት ይሆናል» አልሁት።

«ከረጅም ረጅሙን ነው የመረጥሁት፤ ከሥር በኩል ስለሆነ አይታወቅም» አለ። ሊሄድ ከተነሣ በኋላ ዞረ፦ «ልጅቱ የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ እህል ልታበጥርልሽ ትመጣለች። ያ መምህር ቀረ እንዴ?»

ማታ የይርጋ እናትና የደስታ አባት፣ ለየብቻቸው፣ ያንኑ ጠየቁኝ።

ስለዚህ ማሲንቆዎቹን አላስረክብህም። ለስማዳ ልጆች ሌላ ፈልግላቸው፤ እኔም እጠይቅልሃለሁ። የሚመጣው ቅዳሜ ና። ከመጀመርህ በፊት ወላጆቹን ሰብስበህ ምን እንደምታስተምር ራስህ ንገራቸው። አያ አስናቀንም ታገኘዋለህ፤ ስለ ወንፊቱ አመስግነው እንጂ ስለ ማሲንቆ አታንሣበት።

መጋዘኑን ጠርጌ የምጠብቅህ፣
ማንአለሽ
ከአርብ ገበያ፣ ኅዳር