ክትሩ የማይፈርስበት ኮምፒዩተር

ቆቦ፣ ነሐሴ 1980 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ጓድ የኮምፒዩተር ትምህርት ዝግጅት ኃላፊ፤

ጤናዎ እንደ ሪፖርትዎ የተሟላ፣ ቤተሰብዎም ጎርፍ በማይደርስበት ፎቅ በሰላም የሚኖር ይሁንልዎ። እኔ ሥልጠናዎን እዚህ ያስተባበርኩት መምህር ታረቀኝ ነኝ፤ ይህንንም ደብዳቤ ሁሉም እንዲያነበው በትምህርት ቤቱ በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

አንደኛ፣ አንድ ኮምፒዩተር ከነጄኔሬተሩ ልከው፣ መምህራን እውነተኛውን ሥራ በማስመሰል የሚያስተምር ትምህርት መንደፍ እንዲማሩ ስላደረጉ እናመሰግናለን። ባልደረባዬ ኡሙሃኒ የነደፈችው ጎርፍ ጠልፎ ማሳ ማጠጣትን ነበር። አባቷ ጎርፉን የሚጠልፈውን የአፈር ክትር ሲሠሩ አንዱን ጎን ሆን ብለው ላላ ያደርጉት ነበር፤ ጎርፉ ከበረታ እሱ ብቻ ይፈርስና ማሳው ይተርፋል። እሳቸውና እኩዮቻቸው ለሰፈራ ከተወሰዱ ወዲህ ይህን የሚያሳይ ሰው ስለጠፋ፣ ወጣቶቹ ስህተቱን በማሳው ላይ ሳይሆን በኮምፒዩተሩ ላይ ሠርተው እንዲጨርሱት ፈለገች። ክትሩን ድፍን ያደረገ ተማሪ ማሳው ሲታጠብ ያያል፣ ለምን እንደሆነም ይጠየቃል።

ሁለተኛ፣ ሊጎበኙን መጥተው፣ በመንግሥት ኮምፒዩተር ላይ ሰብል መጥፋቱ የገበሬውን ሞራል ይነካል በማለት እንዲታረም ስላዘዙ ምስጋናችን ወሰን የለውም። ኡሙሃኒ ብትለምንዎም ታረመ። ከዚያ ወዲህ ተማሪው የፈለገውን ቁልፍ ቢጫን ማሽላው በዕቅዱ መሠረት ይታጨዳል። እንዲህ ያለ መሬት በራያ ታይቶ አያውቅም።

ሦስተኛውን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል። በሐምሌ ጎርፉ መጣ። በኮምፒዩተሩ የሠለጠኑት ወጣቶች በተማሩት መሠረት ክትሩን ዙሪያውን ደፍነውት ነበርና፣ ጎርፉ መውጫ ሲያጣ ሁሉንም ባንዴ ደርምሶ ማሳውን ከነአፈሩ ወሰደው። ሰው ሜዳው ላይ ቆሞ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ። ተጠያቂ ሲፈለግ በትምህርቱ ላይ የተገኘው ስም የኡሙሃኒ ብቻ ስለነበር፣ በአሻጥር ተከሳ ታስራለች። እርማትዎን ያለ ስም ስለተዉት ትሕትናዎን አደንቃለሁ።

እንዲያስፈቷት እለምንዎታለሁ። ይሆናል ብዬ አይደለም፤ እናቷ እማማ ዓሊማ፣ አላህ ልባቸውን ቢያራራው ጻፍላቸው ብለው ስላስቸገሩኝ ነው።

ከጫማዎ ሥር ዝቅ ብዬ፣ እኔም ተራዬን እየጠበቅሁ፣ በአብዮታዊ ትሕትና እሰናበትዎታለሁ፤

መምህር ታረቀኝ

ተጨማሪ፦ ኮምፒዩተሩን የወሰዱት ለኤግዚቢሽን እንደሆነ ሰማን። ማሽላው ዛሬም እየታጨደበት ከሆነ፣ ከእሱ ጥቂት ለእማማ ዓሊማ ይላኩላቸው። ለልጃቸው እስር ቤት የሚወስዱት ስንቅ አልቆባቸዋል።