አባ ዳማ አንድ ነው

ኒው ሆፕ፣ መጋቢት 2017 እ.ኤ.አ.

ውድ ጅሬኛ፣

ሰላም ነህ ወይ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም ደህና ነው፣ ቁጣዬም ደህና ነው። የምትጽፍልኝ የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ ዘይና ናት። ኦሮምኛ ስለማትችል በአማርኛ ተቀበለኝ። አንዲት ቃል እንዳታለዝብ አስምያታለሁ።

ልጅህ ሳን ዲዬጎ ሥራ አግኝቶ ይዞህ ከሄደ ሁለተኛው ክረምት አለፈ። ሶፋዬ አንተ በምትቀመጥበት በኩል ጎድጉዶ እንደቀረ ነው፤ ማንንም አላስቀምጥበትም። ከዚያ የቤዝቦሉ የዓለም ሻምፒዮና ይምጣና አንተ ደጃፍ ላይ ይውደቅ! ቀናሁ። ምን እደብቅሃለሁ?

ውድድሩ እንደሆነ እንከን ሞልቶታል። ክለቦቹ ደህና ደህናውን ኳስ ወርዋሪ ቤት ያስቀራሉ። የመጣውንም ገና እጁ ሲሞቅ «በቃህ፣ ድርሻህን ወርውረሃል» ብለው ያስወጡታል። አቻ ሆኖ ሲረዝም ደግሞ ማንም ሳይመታ ሁለት ሯጭ ወደ ነጥቡ አስጠግተው በነጻ ያቆማሉ። ይሄ ምጽዋት ነው እንጂ ጨዋታ ነው? ልጄ ገላኔ «ዳድ፣ ኢትስ ኖት ኢቭን ሪል» ትለኛለች፤ የምር ውድድር አይደለም ማለቷ ነው። የፖርቶ ሪኮ ልጆች በሙሉ ፀጉራቸውን ቢጫ ቀብተው ሲጨፍሩ አላየች! እዚህ አሜሪካ ተወልዶ ያደገ ልጅ፣ በእናቱ ወገን ተቆጥሮ፣ ያልኖረበትን አገር ማሊያ ለብሶ ሲያለቅስ አላየች! ሌላው ይሳቅበት። እኔ አያት ቅድመ አያት ቆጥሬ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ለእኔ ጣዕሙ እሱ ነው።

ቅዳሜ ማታ አሜሪካና ዶሚኒካን ሲገናኙ ከስታዲየሙ ደወልክልኝ። ስልኩን ስፒከር አድርጌ ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀመጥኩ። ያንተ ጩኸት ይቀድማል፣ የእኔ ምስል ይከተላል። እንዴት ደስ እንዳለኝ! በመሃል የፈረስ ስሜን ጠርተህ ጮህክ።

«አባ ዳማ! እያት! እያት!»

«ምኗን? እዚህ ገና ወርዋሪው ጆሮውን እያከከ ነው!» አልኩህ።

ከአጠገብህ ሌላ ሰው እኩል ከእኔ ጋር «አየኋት፣ አየኋት!» አለ።

«ማን ነው እሱ?»

«ሀዚም ነው። እዚህ የተዋወቅሁት የአዲስ አበባ ልጅ።»

«አባ ዳማ ያልከው ማንን ነው?»

«እሱንም እንደዚያ እለዋለሁ» አልክ።

የአሜሪካው ልጅ የሜዳው ዳር ግንብ ላይ ዘሎ ኳሷን ከሰማይ ሲነጥቃት በእኔ ቴሌቪዥን የታየው ያኔ ነው። እዚያ ሰው ሁሉ ይጮሃል። እኔ ስልኩን ዘጋሁብህ።

ጅሬኛ፣ በእኛ ዘንድ ሰው በፈረሱ መልክ ይጠራል፣ የዳማ ፈረስ ጌታ አባ ዳማ ይባላል፤ የፈረስ ስም እንደ ጃኬት አይዋሱትም። ያንን ስም ያወጣህልኝ እኮ ዳውንታውን ፓርኪንግ ስንሠራ፣ በረዶ የያዘውን መኪና በትከሻዬ ገፍቼ ያወጣሁ ቀን ነው። ፈረስ የለኝም ስልህ «ፈረሱም አንተ ነህ» አልከኝ። ሀዚም ምን ገፋ? ሳን ዲዬጎ በረዶ የለ!

ዘይና እዚህ ላይ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«አባባ ዲንሳ፣ በዚህ ዕድሜ ቅናት? ሰው ይስቅብዎታል።»

«ይሳቅ። ቅናት ነው ብለሽ ጻፊ» አልኳት። ጻፈችው።

ፍጻሜውን ብቻዬን አየሁት። አሜሪካ ፖርቶ ሪኮን ስምንት ለባዶ አሸነፈች። ጣፈጠኝ። ለማን ልንገረው? ገላኔ ሥራ ላይ ነበረች፤ ባትሆንስ ምን ይገባታል!

ሀዚምን አልጠላሁትም። ድምፁ የሰው ድምፅ ነው። ፈረስ ስጠው፤ ጉራቻ ስጠው፣ ቦራ ስጠው፣ ዳማውን ግን መልስ። እሱም ይቅር፣ አንድ ነገር ብቻ በወንድ ቃል ንገረኝ። ስሜን ለእሱ የሰጠኸው ረስተኸኝ ነው? ወይስ ሜዳው ሲደምቅ ወደ ጎን ዞረህ የምትጠራው እኔን ነው፣ አቤት የሚልህ ግን እሱ ሆነብህ?

ረስተኸኝ ከሆነ አትመልስልኝ፤ ይገባኛል። እኔን ከሆነ ግን በጽሑፍ አትላክ፣ ዘይና ፊት አላለቅስም። ደውል። መጀመሪያ አላነሳልህም፤ ኩራቴ ነው። ደግመህ ደውል።

ዲንሳ