ደንገል ያታለላቸው ቀያሽ፤ የአቶ ቃለጽድቅ ደምሌ የሕይወት ታሪክ

አቶ ቃለጽድቅ ደምሌ ከአባታቸው ከአቶ ደምሌ አስናቀውና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሺሀረግ ብሩ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 1942 ዓ.ም. ባሕር ዳር ተወለዱ። አባታቸው የታንኳ ሠሪ ነበሩና ልጅነታቸው ከጣና ዳር ደንገል በማጨድና በማሰር አለፈ። ትምህርታቸውን እንደጨረሱ አዲስ አበባ ገብተው የቅየሳ ሙያ ተማሩ፤ ከዚያ በኋላ ከጎጃም እስከ ኦጋዴን ያልለኩት መሬት አልነበረም።

በ1974 ዓ.ም. ወይዘሮ ወሰንየለሽ ተክሌን አግብተው ነጻነትንና ሚኪኤልን ወለዱ። በ1985 ዓ.ም. ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ካምፓላ መጡ። ወይዘሮ ወሰንየለሽ ኦልድ ካምፓላ በሚባለው ሰፈር ምግብ ቤት ሲከፍቱ እሳቸው የመንገድና የግድብ ቅየሳ ያዙ። ምግብ ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛ ከተወዛወዘ ውኃ ልካቸውን አምጥተው ሳያስተካክሉ ምሳ አይቀርብም ነበር፤ እንግዳው በረሃብ ቢሞት ግድ የላቸውም!

በ2013 ዓ.ም. ጡረታ ላይ ሳሉ አንድ ድርጅት ጠራቸው። የኤሌክትሪክ ማመንጫ ግድብ ለሚሠራበት ወንዝ ከአውሮፕላን ላይ በሌዘር ጨረር እየተለካ ካርታ ተነሥቶ ነበር፤ የእሳቸው ሥራ መርምሮ መፈረም ነው። ካርታውን በኮምፒውተር ያቀናበረችው ወጣቷ መሐንዲስ ሙህሲና ስታሳያቸው ደስታቸውን አልቻሉትም፤ እሳቸው በስድስት ወር የሚለኩትን አውሮፕላኗ በሁለት ቀን ጨርሳዋለች። ግድቡ ከሚያቁረው ውኃና ከታችኛው መንደር መካከል ጉብታ ቁልጭ ብሎ ይታያል። መንደሩ አይነካም ማለት ነውና ፈረሙ።

በሳምንቱ እሑድ ከባለቤታቸው ጋር ዓሣ ሊገዙ ሐይቁ ዳር ወዳለው ፖርት ቤል ወረዱ። አንድ ዓሣ አጥማጅ ጀልባው ላይ እንደቆመ ደንገል ውስጥ ገባና ከነቁመቱ ተሰወረ። አቶ ቃለጽድቅ ክው አሉ። ያ ጉብታ መሬት ሳይሆን ጥቅጥቅ ያለ ደንገል ቢሆንስ? ጨረሩ መሬት ሳይደርስ የደንገሉን ጫፍ ብቻ ለክቶ ተመልሶ ከሆነ፣ ውኃው በዚያ በኩል አልፎ ሃምሳ አንድ አባወራ ሊያጥለቀልቅ ነው። ወይዘሮ ወሰንየለሽ «ደግሞ ዛሬ ምን ታየህ?» እያሉ ዓሣውን እንደያዙ ቀሩ፤ እሳቸው ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ብስክሌት ላይ ተፈናጥጠው ሄዱ።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ቀርበው ፊርማዬን አንሥቻለሁ አሉ። አለቆቹ ተቆጡ፤ ጣታቸውንም ሙህሲና ላይ ቀሰሩ። አቶ ቃለጽድቅ ግን «እሷን ተዉአት፤ የታንኳ ሠሪ ልጅ ሆኜ በደንገል የተታለልኩት እኔ ነኝ» አሉ። በሰባ አንድ ዓመታቸው ከሙህሲና ጋር በጀልባ ረግረጉ ውስጥ ገብተው በረጅም እንጨት ሲለኩት መሬቱ ካርታው ከሚለው አራት ሜትር ዝቅ ብሎ ተገኘ። ወይ ደስታ! ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ ተሳስቻለሁ እያለ እንደሳቸው የፈነደቀ ሰው ታይቶ አይታወቅም። ዕቅዱ ተከለሰ፤ የግድቡም ከፍታ እንዲቀንስ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ ምግብ ቤቱ የገባ ሁሉ ይህን ስሕተታቸውን ሳይሰማ አይወጣም ነበር፤ እኛማ በቃላችን ይዘነዋል።

አቶ ቃለጽድቅ በኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 19 ቀን 2014 ዓ.ም. በሰባ ሁለት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተውልናል።

ከበስተኋላችን የቆሙት እንግዶች እነማን እንደሆኑ የምትጠያየቁ ትኖራላችሁ። ከሙህሲና መርዶውን ሰምተው ማቶኬ የሚሉትን የሚቀቀል ሙዝ ይዘው በሁለት ታክሲ የመጡት የዚያ መንደር ሰዎች ናቸው። አብዛኞቹ አቶ ቃለጽድቅን በዓይናቸው አይተዋቸው አያውቁም። ዛሬም በየቤታቸው እንዳሉ ሊነግሯቸው መጡ።

አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ይደምርልን፤ እኛንም ያጽናን። አሜን።