ከውስጥ የተሰካ ቁልፍ

ሐሙስ፣ ወሩ በገባ በአሥራ አራት፣ ከሱቄ

ለልጆቼ እናት፣

ልጆቹ አጠገብሽ ካሉ መጀመሪያ ወደ ውጭ ላኪያቸውና ብቻሽን አንብቢው። ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ፤ የናፈቅሽኝን ያህል ብጽፍ ወደ ነገሩ ሳልደርስ ወረቀቱ ያልቃል። እኔ ደህና ነኝ። ማለቴ እበላለሁ፣ እሠራለሁ። ግን ፈርቻለሁ። ከሰኞ ጀምሮ ሰው ትከሻዬን ሲነካኝ እንኳ እደነብራለሁ።

በደብዳቤሽ «እዚህ ያለውን ሱቃችንን ለአከራዩ ላስረክብና ልጆቹን ይዤ ልምጣ ወይስ ልቆይ? ዋና ከተማው እውነት አንተ እንዳወራህለት ነው? እባክህ አንድ ጊዜ እንኳ ሳታጋንን ንገረኝ» ብለሽኛል። አላጋነንኩም። እዚያ ያልተቀረጸ ቁልፍ አዝዘን ወር ሙሉ የምንጠብቀውን እዚህ መንገድ ተሻግሬ አመጣዋለሁ። ማሽኑ ቢበላሽ ጠጋኙ ጎረቤቴ ነው። ከተማው ደግሞ ተከራይ በተከራይ ነው፤ አንዱ በወጣ ሌላው በገባ ቁጥር ቁልፍ ይቀየራል። እዚያ በሳምንት የማላገኘውን ደንበኛ እዚህ ቁርሴን በልቼ ሳልጨርስ አገኘዋለሁ። ለቁልፍ ቀራጭ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም፤ ዛሬም ብትጠይቂኝ መልሴ ይኸው ነው።

አንድ ነገር ግን አልነገርኩሽም፤ እኔም አላሰብኩትም ነበር። እዚያ «በር ክፈትልኝ» የሚለኝን ሰው ከነአባቱ አውቀዋለሁ። ቤቱ የማን እንደሆነ፣ ከማን ጋር እንደተኳረፈ ሳይቀር። እዚህ የሚመጣው ሁሉ እንግዳ ነው። ቤቴ ነው ካለ ቤቱ ነው፤ ምን ብዬ እጠይቀዋለሁ?

ሰኞ አንድ ሰው መጣ። ሽክ ያለ፣ አንደበቱ ማር የሆነ። «ወንድሜ፣ ቁልፌ ጠፍቶብኝ ደጅ ቀረሁ። ቤት ውስጥም ማንም የለም» አለኝ። ተከትዬው የሚከራዩ ክፍሎች ያሉበት ፎቅ ላይ ወጣሁ። ተንበርክኬ ቀጭኗን ሽቦ በቀዳዳው ስሰድ ብረት ገታኝ። ቁልፉ ከውስጥ ተሰክቷል። ማንም የሌለበት ቤት ደግሞ ከውስጥ አይቆለፍም። ጆሮዬን ወደ በሩ አስጠጋሁ። ከበሩ ማዶ፣ ልክ በጆሮዬ ትክክል፣ ሰው ትንፋሹን ይዞ ይለቃል። ኋላ እንዳወቅኩት ሴት ናት፤ እሷም እንደ እኔ ተንበርክካ ነበር ለካ።

ሽቦዬን ቀስ ብዬ ሳብኩ። ቀና ስል ሰውየው ፈገግ ብሎ ያየኛል።

«ምነው?» አለኝ።

«ዝጓል ጌታዬ። ለዚህ የሚሆን መሣሪያ አልያዝኩም፤ እስከ ሐሙስ ይታገሡኝ።»

«እንዲያውም ይመቸኛል፤ እኔም እስከዚያ መንገድ አለብኝ» አለ። ውሸቱ ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል አሉ።

በማግስቱ ብቻዬን ተመልሼ አንኳኳሁ። «የትናንቱ ቁልፍ ቀራጭ ነኝ እህቴ። እኔ አልከፍትም። ከፈለግሽ አንቺው ክፈቺ።»

ከበሩ ማዶ በሹክሹክታ «እሱ አብሮህ አለ?» አለችኝ።

«ብቻዬን ነኝ። እኔም ፈርቻለሁ።»

ይኼን ስላት ከፈተች።

ሰውየው ባሏ ነው። ክንዷን የሰበረበትን ቦታ አሳየችኝ፤ ተጣሞ ነው የዳነው። አምልጣ ወደዚህ የመጣችው፣ በዚህ ሁሉ ሕዝብ መሀል ማን ያገኘኛል ብላ ነበር። አገኛት። ዘመድ የላትም። አቤት ብትልም «የባልና የሚስት ነገር ነው፣ ታረቁ» ብለው መልሰዋታል። ታዲያ ምን ላድርግ? ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለችው እኔ ጓዳ ውስጥ ነው። ወሬ ሳይቀድመኝ ብዬ ነው የምነግርሽ፤ እኔ የምተኛው ሱቁ ወለል ላይ ነው። ወገቤም ምስክሬ ነው፤ አሁን እንደ ልብሽ አሹፊብኝ።

ዛሬ ሰውየው በቀጠሮው መጣ። ሄጄ በሩን ከፈትኩለት። ባዶ ክፍል። መሀል ላይ ብዙ ቆመና ተከትሎኝ እስከ ሱቄ መጣ፤ በርጩማው ላይም ተቀመጠ።

«ሰኞ ውስጥ ሰው እንዳለ አውቀህ ነበር?» አለኝ በቀስታ።

«እኔ የማውቀው ቁልፍ ነው ጌታዬ፤ ሰው አላውቅም።»

እሷ ከጓዳው ጣውላ ጀርባ ናት፤ እሱ የተደገፈው ያንኑ ጣውላ ነው። ትንፋሿ እንዳይሰማው ማሽኑን አስነሣሁ። የማንም ያልሆነ ቁልፍ ቀረጽኩ። ደግሞ ሌላ፣ ደግሞ ሌላ። ላብ አጠመቀኝ። እሱ እጄን ብቻ ያያል። በመጨረሻ ተነሣና «ሱቅህን ወድጄዋለሁ፤ እመላለሳለሁ» ብሎኝ ወጣ።

አሁን ዘግቼ ብጠፋ ነገሩ ይገባዋል፤ ፍለጋውንም ከእኔ ይጀምራል። ስለዚህ ነገም ከነገ ወዲያም እየፈራሁ ሱቄን እከፍታለሁ። እሷን ግን ነገ ጎህ ሲቀድ አሳፍራታለሁ፤ ከዚህ መናኸሪያ በየአቅጣጫው አውቶቡስ ስለሚወጣ የት እንደሄደች አያውቅም። የእኔንም አገር በዚህ መንገድ ላይ የሚያውቅ የለም። ይህንንም ከዋና ከተማው ጥቅም ቁጠሪልኝ። የእኛዋ ትንሽ ከተማ ጥቅም ሌላ ነው። እዚያ እንግዳ ሰው ከአውቶቡስ ሲወርድ ከፀጉር አስተካካዩ ጀምሮ እስከ እናትሽ ድረስ «የማን ልጅ ነህ? ማንን ፈልገህ ነው?» ሳይሉት አያልፍም። በዚህ ጠያቂነታቸው ስንት ጊዜ ተማርሬያለሁ። ዛሬ የምተማመነው በእነሱ ነው።

ስለዚህ ሱቁን አታስረክቢ። ልጆቹንም ይዘሽ አትምጪ። የዛሬ ወር አብረን እንሆናለን ብዬ ቀን እየቆጠርኩ ነበር፤ አሁን ግን ሰውየው ፊታችሁን እንዲያይ አልፈልግም። ወሬዬ ከጠፋ ወንድምሽን ላኪው፤ አንቺ ግን እንዳትመጪ። ይህን ስጽፍልሽ እንኳ በየመስመሩ ቀና እያልኩ በሩን አያለሁ።

ልጆቼን ሳሚልኝ፤ ትንሿን ሁለት ጊዜ። ፈጣሪ ከክፉ ሰው ይሰውራችሁ፤ የምትገቡበትንም የምትወጡበትንም ደጅ ይጠብቅላችሁ።

ይህን ደብዳቤ በእጅሽ የሰጠችሽ ሴት እሷ ናት። አንቺ ማንበብ ከጀመርሽ አጠገብሽ ሰው መኖሩንም ትረሺያለሽ። እስካሁን ደጅ ቆማ ከሆነ አስገቢያትና በሩን ዝጊው።

ፈሪው ባልሽ